የሰኞ ጠዋት ልክ

ልብስ ሰፊው በሜትር አይለካም። ሜትር አጥቶ አይደለም፤ ቢጫው ሜትር ከጠዋት እስከ ማታ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፣ ግን እሱ ለወጉ ነው። ሲለካ የሚለካው በወረቀት ነው። ሁለት ጣት የምትሰፋ ረጅም ወረቀት ይቆርጥና በደንበኛው ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብና ክንድ ላይ እየዘረጋ፣ የደረሰበት ቦታ ላይ በመቀስ ጫፍ ትንሽ ቅድ ያደርግባታል። ለትከሻ አንድ ቅድ፣ ለደረት ሁለት፣ ለወገብ አንድ ሰያፍ ቅድ፤ ቁጥር የሚባል ነገር አይጽፍም። ሲጨርስ በወረቀቷ አናት ላይ የባለቤቱን ስም ይጽፍና ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ይሰካታል። አሠሪው የነበሩት ሽማግሌ እንዲህ አስተማሩት፣ እንዲህ ቀረ። ሌላ ሰው ያቺን ወረቀት ቢያያት አይጥ የቆረጣጠማት ነው የምትመስለው፤ እሱ ግን ጣቱን ሲያስኬድባት ሰውየው ፊቱ የቆመ ያህል ያውቀዋል።

ሚስቱን ሰፈርተኛው ሁሉ ቁልፌ ይላታል፤ ቁልፍ የምትተክለውም፣ ቀዳዳውን የምትዘመዝመውም፣ ገበሩን በእጅ የምትሰፋውም እሷ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ሲሠሩ ግን ያ ሚስማር ላይ የሷ ወረቀት ተሰክቶ አያውቅም። ለሷ የሚሰፋላት ከደንበኛ ከተረፈ ጨርቅ፣ በዓይን ግምት ነው። በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም። ቅር ያሰኛት ሌላ ነገር ነው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እናቷ በጠና ታመው "ቶሎ ድረሺ" የሚል መልእክት መጣባት። በዚያው ሳምንት ለአንድ ሆቴል ሠራተኞች የሚሰፋ የደንብ ልብስ ተረክበው ነበር፣ ሰማንያ ኮት። ሰፊው ሦስት ቀን ብቻ ታግሳ ቁልፉን እንድትጨርስለት ለመናት፤ እሷም ጥርሷን ነክሳ ጨረሰችለት። ስትደርስ እናቷ ከተቀበሩ አንድ ቀን ሆኗቸው ነበር። ተመልሳ መጥታ መርፌዋን አነሳች። እሱ ስለዚያ ነገር ትንፍሽ አላለም፣ እሷም አላነሳችበትም። ትዳራቸው መጥፎ ነበር ማለት አይደለም። ይሳሳቃሉ፣ አንድ ልጃቸውን አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል፣ ሲያነጥስ "ይማርህ" ማለት ረስታ አታውቅም። ያቺ ነገር ግን ሆዷ ውስጥ እንደተቀመጠች አሥራ አንድ ዓመት ሞላት።

ታዲያ ሰኞ ጠዋት ሰውየውን ምን ነካው? ዛሬም ድረስ አታውቅም። ሱቁን ከፍተው ገና ደንበኛ ሳይገባ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ጥቁር አረንጓዴ የሱፍ ጨርቅ አወጣ። ከሰው የተረፈ አይደለም፣ አዲስ ነው። ኮትሽ አርጅቷል፣ ነይ ቁሚ አላት። ቆመች። ወረቀቱን ትከሻዋ ላይ ዘረጋ፣ ቀደደ፣ ዝቅ ብሎ ወገቧን ለካ። ከዚያ ክንዷን አስዘርግቷት፣ ፊቱን እንዳታየው ከኋላዋ እንደቆመ፣

"ያኔ ወደ እናትሽ ልልክሽ ይገባኝ ነበር" አላት። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

ቁልፌ ለዚህ ቃል መልስ ነበራት። ኧረ መልስ ብቻ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ጎንበስ ባለች ቁጥር፣ በሆዷ ስትናገረው የኖረችው አለ፤ አንዳንዴ በስድብ፣ አንዳንዴ በለቅሶ። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ከአፏ የወጣው "ክንዴ ደከመኝ" የሚል ብቻ ሆነ። እሱም "በቃ፣ ጨረስኩ" ብሎ ክንዷን ቀስ አድርጎ አወረደላት። ንቃው አይደለም። ድንገት ሆነባትና ቃሉ ጠፋት። ቤት ስንገባ ረጋ ብዬ እነግረዋለሁ ብላ፣ ለካውያው ውሃ ልትቀዳ ወደ ጓሮ ወጣች።

ጆጉን ይዛ ስትመለስ ሰፊው መቁረጫ ጠረጴዛው ሥር ወድቆ ነበር። ዓይኑ ተገልብጧል፣ መላ አካሉ ይርገፈገፋል፣ ከአፉ ደም የቀላቀለ አረፋ ይወጣል። የሚጥለው በሽታ ለሷ እንግዳ አይደለም፤ በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት አንድ ጊዜ ጥሎት፣ ከዚያ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ድምፁ ጠፍቶ፣ ኪኒኑንም በሽታውንም ረስተውት ነበር። ጎረቤታቸው ፎቶ አንሺው ጩኸቷን ሰምቶ እየሮጠ ገባ። ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ የብረት ማንኪያ ይዞ ጥርሱ መሃል ሊሰነቅር ሲታገል እጁን መትታ አስጣለችው። ያኔ ሐኪም የነገራትን አልረሳችም፤ አፉ ውስጥ ምንም አይገባም፣ በጎኑ ማስተኛት ብቻ። በጎኑ አስተኛችውና ከጠረጴዛው ላይ እጇ የደረሰበትን ጨርቅ ስባ ጭንቅላቱ ሥር አደረገችለት። አረንጓዴው ሱፍ ነበር። ያቺ የተቀዳደደች ወረቀት ቀኝ እጁ ውስጥ ተጨምድዳለች። ጣቶቹ ሲላሉ መዝዛ ወሰደችና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻት።

ሲነቃ አላወቃትም። ዓይኑን ብዙ ጊዜ አርገበገበና በትሕትና፣ በአንቱታ፣

"ይቅርታ እመቤት፣ ዛሬ ዝግ ነን። ነገ ይምጡ" አላት።

ፎቶ አንሺው ሳቅ ቃጥቶት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ሐኪም ልጃቸውን የምታህል ወጣት ናት። ከእንዲህ ዓይነቱ መውደቅ በኋላ ሰው ለሰዓታት እንደሚደናገር፣ ለቀናት እንደሚደክመው፣ ጡንቻው ሁሉ እንደሚታመም፣ ቃል ሊጠፋው፣ ሆድ ሊብሰው፣ ያለ ነገሩ ሊቆጣ እንደሚችል አንድ በአንድ ነገረቻት። ኪኒን ጻፈች። ለጊዜው ካውያና መቀስ ብቻውን ሆኖ እንዳይነካ አስጠነቀቀች። ቁልፌ ሁሉንም ሰማች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። የዚያን ቀን ጠዋት ያደረገውን ያስታውሰዋል ወይ?

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። "አንዳንዱ ይመለሳል" አለች። "አንዳንዱ ግን አይመለስም። መጀመሪያውኑ አልተቀመጠማ።"

ከዚያ ቤት ገቡ። ሰፊው ተኛ። እንቅልፍ ስል ደግሞ የወጉን እንቅልፍ አይደለም፤ በልቶ ይተኛል፣ ተኝቶ ነቅቶ ይተኛል፣ እየተናገረ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይተኛል። ምላሱን ክፉኛ ነክሶት ስለነበር ትኩስ ነገር አይቀምስም፤ ሾርባውን እያቀዘቀዘች በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ትከሻና ጀርባው በዱላ የተደበደበ ያህል ያመዋል፤ ሸሚዝ ለመልበስ ክንዱን ሲያነሳ ያቃስታል። በሦስተኛው ቀን ቁጭ ብሎ "ያንን... ያንን የሚቆርጠውን አምጪልኝ" አላት። ቢላ አመጣች፣ አይደለም። ምላጭ አመጣች፣ አይደለም። በመጨረሻ ሁለት ጣቱን እየከፈተ እየገጠመ ሲያሳያት ገባት። አርባ ዓመት በእጁ ይዞት የኖረውን የመቀስን ስም ነው ያጣው። ጥፍሩን ሊቆርጥ ነበር። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ስለ አየር ጠባይ ሲናገር እየሰማ እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ለምን እንደሚያለቅስ ቢጠየቅ እሱም አያውቅም።

ስለ እሱ የጠየቀ ብዙ ነው። ጠያቂው እየመጣ ይቀመጣል፣ ፎቶ አንሺው በማንኪያ እንዴት እንዳዳነው ለመጣው ሁሉ ይተርካል፤ ታሪኩ በተተረከ ቁጥር ማንኪያው እያደገ ጭልፋ ሊያክል ምንም አልቀረው። ስለ ቁልፌ የጠየቀ ግን ልጇ ብቻ ናት። ልጅቷ አስተማሪ ናት፣ ቅዳሜ መጥታ "እማዬ፣ አንቺስ ደህና ነሽ?" አለቻት። ደህና ነኝ አለች። ውሸቷን አልነበረም። ምንም አልተሰማትም። አልደነገጠችም፣ አላዘነችም፣ አልተናደደችም። እጇ ይሠራል፤ ኪኒን ያቀርባል፣ አንሶላ ይቀይራል፣ ሾርባ ያማስላል። እሷ ራሷ ግን የት እንዳለች እንጃ። ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቆርጣው ደሙ ሰሃኑ ላይ እስኪታይ አላወቀችም።

በሳምንቱ ሰፊው አልጋው ላይ ተደግፎ ስለ ሰኞ ጠየቃት። እሑድ ማታ ልጃቸው መደወሏን ያውቃል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚያውቀው የሆስፒታሉን ጣሪያ ነው። መሃሉ የለም።

"ጠዋት ምን እየሠራሁ ነበር?"

"ሱቅ ከፈትን።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ወደቅህ" አለችው።

ልትነግረው ከአፏ ደርሶ ነበር፤ መለሰችው። ብትነግረው ምን ይሆናል? "እውነት እንዲህ ብዬሽ ነበር?" ብሎ ይገረማል። ወይም ደግሞ ስላሳዘነችው ብቻ "አዎ፣ አዎ" ይላታል። ከራሷ አፍ ወጥቶ ወደ ራሷ ጆሮ የሚመለስ ይቅርታ ምን ሊያደርግላት? በራሱ ጊዜ፣ በራሱ እግር ይምጣ። ካልመጣስ? እዚያ ላይ ስትደርስ ሐሳቧ ቀጥ ይላል፤ ተነስታ ዕቃ ታጥባለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሱቅ ካልሄድኩ ብሎ አስቸገረ። ቀስ እያሉ፣ ክንዱን ይዛው፣ ሁለት ቦታ አረፍ ብለው ደረሱ። ቁልፌ አስቀድማ ሄዳ ወለሉን ወልውላለች፤ አረንጓዴውን ሱፍም በቀዝቃዛ ውሃ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ከመደርደሪያው ላይ አድርጋዋለች። ደሙ አንድ ጫፍ ላይ የሳንቲም ያህል ምልክት ትቷል። ሰፊው መቁረጫ ጠረጴዛውን በመዳፉ ዳበሰ፣ ዙሪያውን ቃኘ፣ ዓይኑ ጨርቁ ላይ አረፈ።

"ይሄ የማነው?"

ቁልፌ ክር መርፌ ውስጥ እያስገባች ነበር። ቀና አላለችም። "የደንበኛ ነዋ" አለች።

"ወረቀቱስ?"

"እኔ እንጃ።"

ውሸት ላይ ልምድ የላትም፤ ይሄኛው ግን ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ አላወቀችም። ሰፊው ወደ ግድግዳው ሄዶ ሚስማሩ ላይ ያሉትን ወረቀቶች አንድ ባንድ አወረደ። የጡረተኛው ዳኛ፣ የዳቦ ቤቷ ባለቤት፣ መንትዮቹ፣ ሞተው እንኳን ወረቀታቸው ያልተጣለ ሰዎች። ስማቸውን አነበበ፣ በጣቱ ቅዶቹን ዳሰሰ፣ መልሶ ሰቀላቸው። መሳቢያ ገለበጠ፣ ኪሱን ገለበጠ፣ ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከ። በዕድሜው የሰው ልክ ጠፍቶበት አያውቅም። ጨርቅ ጠፍቶበት ያውቃል፣ ደንበኛ ጠፍቶበት ያውቃል፣ ልክ ግን በፍጹም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰውየው ወደ ኋላ ሄደ። ምላሱ ድኗል፣ ትከሻው ተፈትቷል፣ መቀስን መቀስ፣ ካውያን ካውያ ይላል፤ ግን አይቆርጥም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይደነግጣል፤ ባለ አረንጓዴው ጨርቅ የመጣ ይመስለዋል። ምን እለዋለሁ፣ ለካሁህ ግን የት እንዳደረግሁህ አላውቅም እለዋለሁ ወይ እያለ ይጨነቃል። ቁልፌ ሰው ከመጣ እኔ አነጋግረዋለሁ ብትለውም ጆሮውን አልሰጣትም። ለፎቶ አንሺው፣ ልክ የሚጠፋበት ሰፊ ከእንግዲህ ምኑን ሰፊ ይባላል፣ ጠረጴዛውን የሚወስድ ሰው ካለ ፈልግልኝ ብሎ ነገረው። ፎቶ አንሺው መጥቶ ለቁልፌ ሹክ አላት። እሷም ሰማች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ የዳኛውን ኮት ቁልፍ መትከሏን ቀጠለች። ወረቀቷ አሁንም ሽርጧ ኪስ ውስጥ ናት። መርፌዋን በዘረጋች ቁጥር ጭኗ ላይ ትንኮሻኮሻለች።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ከጓሮ ስትመለስ ትልቁን መቀስ ዘይት ሲቀባ አገኘችው። አሠሪው የነበሩት ሽማግሌ ሲሞቱ ያወረሱት መቀስ ነው። ቀብቶ ሲጨርስ በአሮጌ ጨርቅ ይጠቀልለው ጀመር፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ከዚያ ገመድ ፈለገ። ፊቱ ላይ ኀዘንም ንዴትም የለም። ቁልፌ ያንን ፊት አወቀችው። ሰሞኑን መስታወት ውስጥ ስታየው የሰነበተችው የራሷ ፊት ነው።

ያኔ ገባት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቃል እንዲመለስላት ስትጠብቅ ሰውየውን ከእጁ ሙያ እየነጠለችው ነው። ሽርጧ ኪስ ገባች፣ የተጨማደደችውን ወረቀት አወጣች፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በመዳፏ ደልደል አደረገችለት። 

ሰፊው ወረቀቷን አየ፣ አናቷ ላይ ስም ፈለገ፣ የለም። ጣቱን አስቀመጠ። ከትከሻ ጀመረ፤ ጠባብ ነው። ከአንደኛው ቅድ አጠገብ ሌላ ትንሽ ቅድ አገኘ፤ ግራው ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ላለ ሰው ብቻ የሚያደርገው ነው። ወደ ወገብ ወረደ፣ ወደ ክንድ ሄደ፣ ተመልሶ ትንሿ ቅድ ላይ ቆመ። መርፌ ላይ ዕድሜ ልኳን ያጎነበሰች ሴት ትከሻ ነው። ቀና ብሎ አያት።

"ይሄ አንቺ ነሽ" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"አልጠፋብኝም ነበር ማለት ነው።"

"አልጠፋብህም። እኔ ጋ ነው የነበረው።"

ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቢቆጣ ደስ ባላት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ለምን እንደደበቀችው ብቻ ጠየቃት። ያን ዕለት ስትለካኝ አንድ ነገር ተናግረህ ነበር፣ ራስህ እስክታስታውሰው ስጠብቅ ነው አለችው።

"ምን አልኩሽ?"

"ስለ እናቴ" አለች። "ጥፋቱ የኔ ነው አልከኝ።"

ሰፊው ዓይኑን ጨፈነ። ሲያስብ ግንባሩ ይጨማደዳል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሰሞኑን የጠፋ ቃል ሲፈልግ እንደሚያደርገው ነው። ከውጭ የፎቶ አንሺው ሳቅ ይሰማል። ቁልፌ ቆማ ጠበቀችው፤ እንደማይመጣ እያወቀች ጠበቀችው።

"የለም" አለ ዓይኑን ሲከፍት። "አታልዬ መናገር አልፈልግም። ሰኞ ጠዋት የለም። ያልኩሽን አላስታውሰውም።"

ራሷን ነቀነቀች። ይሄንኑ ነው የፈራችው፣ መጣ፣ በቃ። ወደ መርፌዋ ልትመለስ ዞር ስትል ድምፁን ሰማች።

"ያደረግሁሽን ግን አስታውሳለሁ" አለ። "እዚህ በር ላይ ቆመሽ ነበር። ሰማያዊ ሻርፕ አድርገሽ ነበር። ቦርሳሽን ይዘሻል፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። እኔ ነኝ ከእጅሽ የተቀበልኩት። ተቀብዬ ከዚያ መደርደሪያ ሥር አስቀመጥኩት፣ እንዳታዪው ደግሞ ጨርቅ ጣል አደረግሁበት። ሦስት ቀን ሙሉ እዚያ ነበር። በሄድሁ በመጣሁ ቁጥር አየው ነበር።"

ቦርሳውን ቁልፌ ረስታው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ያንን ነገር ስታገላብጥ ስትኖር ቦርሳውን አንድም ቀን አላስታወሰችውም። ትዝ የሚላት "እሺ" ብላ መቅረቷ ነው፤ ለዚህም ስትበግን የኖረችው በእሱ ብቻ ሳይሆን በራሷም ጭምር ነው። ለካስ ቦርሳ አንስታ ነበር። ለካስ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ከስፌት መኪናው ፊት ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ ያለ ድምፅ መጣ፤ ሁለት ሳምንት ሲፈለግ የጠፋ እንባ የዳኛውን ኮት እስኪያርስ ወረደ።

"አንቺስ?" አላት። "ሰኞ ዕለት ምን ብለሽ መለስሽልኝ?"

"ክንዴ ደከመኝ አልኩህ።"

ከንፈሩ ጥግ ላይ ሳቅ የምትመስል ነገር ሽው አለች። "ያ ነው መልስሽ?"

"መልሴ ሌላ ነው" አለች አፍንጫዋን በሽርጧ እየጠረገች። "ረጅም ነው። ደስ አይልህም።"

ሰፊው ተነሳ። እርሳስ አንስቶ በወረቀቷ አናት ላይ ስሟን ጻፈ፣ ሰፈሩ የሚያውቀውን ሳይሆን እናቷ ያወጡላትን፣ ወስዶም ሚስማሩ ላይ ሰካት። ከዚያ አንድ እጁን ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ እየተራመደ ወደ በሩ ሄደ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ጉርድ ቀሚስ በፌስታል ይዛ ልትገባ ስትል ደፉ ላይ አገኛት። ዛሬ ዝግ ነን፣ ነገ ይምጡ አላትና በሩን ዘግቶ ተቀመጠ፣ ከሚስቱ ፊት ለፊት፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

"ተናገሪ" አላት።

ቁልፌ ከቦርሳው ጀመረች።